አንድ አሮጌ ራዲዮና 20 ሜትር ሽቦ፦ ስለ አማተር ራዲዮ ጠይቁኝ

ጅማ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስድስት ሰባት ልጆች በረንዳዬ ላይ ተኮልኩለው ራዲዮ ያዳምጣሉ። ዘፈን እንዳይመስላችሁ፤ ፉጨትና ጫጫታ ነው። ጎረቤቱ "ምን እያደረጋችሁ ነው?" ብሎ አልጠግብ አለ፤ ወላጆችም መጠየቅ ጀመሩ። ስለዚህ ይኸው፣ ጠይቁ፤ ለሳምንት ያህል እየተመላለስኩ እመልሳለሁ። ሙያዬ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነው። ይህ አመል የያዘኝ ግን አምስት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ፣ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ የሚባለው የአማተር ራዲዮ ክበብ ጣቢያ በር ላይ ቆሜ ስሰማ ነው።

ጥያቄ፦ አማተር ራዲዮ ከኤፍኤም በምን ይለያል?

በኤፍኤም አንዱ ያወራል፣ ሌላው ይሰማል። እዚህ ሁሉም ያወራል፣ ሁሉም ይሰማል፤ ገንዘብ የሚያገኝበት ማንም የለም። ከ7፣ ከ14፣ ከ21፣ ከ28 እና ከ144 ሜጋኸርዝ ጀምሮ ያሉ ቁራጭ ሞገዶች በዓለም አቀፍ ስምምነት ለአማተሮች ተከልለዋል። ባለፈቃዱ ሰው የጥሪ ምልክት ይሰጠዋል፤ የእኛ አገር "ኢ ቲ" ብሎ ይጀምራል። ከኢትዮጵያ የሚሰማ ጣቢያ ጥቂት ስለሆነ፣ አንድ ኢ ቲ ብቅ ሲል ከጃፓን እስከ ብራዚል ያለው ተሻምቶ ይጠራዋል። እኛ ለእነሱ ብርቅ ነን።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም እያለ ይህ ምን ይሠራል?

ተቆልቶ የተፈጨ ቡና ሱቅ ሞልቶ እናትህ ለምን ጥሬ ለቅማ ትቆላለች? መልእክቱን ማድረሱ ብቻ ከሆነ ቴሌግራም ይበልጣል፣ አልከራከርም። ግን መሀል ላይ ያለ ምንም ማማና ኩባንያ፣ አምፖል በሚያበራ ኃይል፣ ራስህ በሰቀልከው ሽቦ ሌላ አገር መድረስ ሌላ ነገር ነው። ኔትወርክ በጠፋ ቀን ደግሞ ጥቅሙ ይታያል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለመጀመር ምን ልግዛ?

ምንም። ቤት ውስጥ መርፌ ያለው፣ አጭር ሞገድ የሚይዝ አሮጌ ራዲዮ ፈልግ፤ ሳጥን ሥር አይጠፋም። ባትሪ ድንጋይ አስገባ። 20 ሜትር ያህል ሽቦ ከቤቱ ጥግ ወደ ባሕር ዛፉ ወጥር። የቆርቆሮ ጣሪያው ላይ እንዳታስተኛው፤ ቆርቆሮው ሞገዱን ይበላብሃል። ጫፎቹን ከሃይላንድ ጠርሙስ በተቆረጠ ፕላስቲክ እሰርና አንዱን ጫፍ ከራዲዮው አንቴና ጋር አያይዘው።

አሁን ዋናው ጨዋታ መጣ። አማተሮች በብዛት የሚያወሩት ኤስኤስቢ በሚባል አላላክ ነው። ድምፁን የሚሸከመው ሞገድ ተቆርጦ ስለሚቀር በተራ ራዲዮ ስትሰማው ዳክዬ የሚንጫጫ ይመስላል። የጎደለውን ግን ከሌላ ራዲዮ መዋስ ይቻላል። ተራው ባለ መርፌ ራዲዮ በውስጡ ትንሽ ሞገድ ያመነጫል፤ አብዛኛውን ጊዜ መርፌው ከቆመበት 455 ኪሎኸርዝ ከፍ ብሎ። ስለዚህ አንደኛውን 7.100 ሜጋኸርዝ አካባቢ ዳክዬው ላይ አቁመው። ሁለተኛውን አጠገቡ አስቀምጠህ ድምፁን ዝጋና ወደ 6.645 ውሰደው። የርካሽ ራዲዮ መርፌ ውሸታም ስለሆነ ዙሪያውን ፈልግ። ከዚያ በጣትህ ጫፍ፣ ቀስ፣ በጣም ቀስ። መጀመሪያ ያፏጫል፤ ፉጨቱ እየወፈረ ይወርዳል፤ ከዚያ ዳክዬው ድንገት ሰው ይሆናል። ይህን መጀመሪያ የሰማ አንድ ልጅ ራዲዮውን ገልብጦ ከኋላው ማን እንዳለ አይቷል። ቁጥር የሚያሳዩት አዳዲሶቹ ራዲዮዎች ብዙዎቹ ለዚህ አይሆኑም።

ሁለት ወር ካዳመጥክ በኋላ ስለ መግዛት እናወራለን። ያላዳመጠ ልጅ ማይክ ሲይዝ ከሩቅ ይታወቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቷ ነው፣ ይህን ካላደረግሁ አለችኝ። አደጋ የለውም? ለሴት ልጅስ ይሆናል?

እህቴ፣ ሁለተኛውን እንለፈው፤ በረንዳዬ ላይ ሞርስ (ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ መላኪያ) ቀድማ የያዘችው ሴት ልጅ ናት። አደጋው ግን አለ፣ ሁለት ነው። አንደኛው የመብራት መስመር፦ ሽቦው ቢበጠስ እንኳ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሊነካ በሚችልበት ቦታ አይሰቀልም። ሁለተኛው መብረቅ ነው፤ የጅማን ክረምት ለእርስዎ አልነግርም። እኔ ራሴ አንድ ሰኔ አንቴናዬን ሳልነቅል ተኛሁ። መብረቁ ቤቱን እንኳ አልመታም፣ እዚያው ሰፈር ወደቀ፤ ጠዋት መቀበያዬን ስከፍት የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ደመና ሲጠቁር ሽቦው ተነቅሎ ውጭ ይጣላል፤ ዝናቡ እስኪጀምር አይጠበቅም።

ጥያቄ፦ ዎኪ ቶኪ ከውጭ የሚያመጣልኝ ሰው አለ። ላስመጣ?

ቆይ። ማዳመጥ ሌላ፣ መላክ ሌላ። ያለ ፈቃድ የማይክ ቁልፍ አይጫንም፣ "ለሙከራ ነው" አይሠራም። ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ዕቃ ከማዘዝህ በፊት እነሱን ጠይቅ። እኔም ከልጆቹ ጋር የማደርገው ማዳመጥ ብቻ ነው። መላክ የጓጓ ተማሪ ያቺን የአምስት ኪሎ ክበብ ያስባት።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው።

ጭውውቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፦ የጥሪ ምልክት፣ 59፣ ስም፣ ከተማ፣ 73። አለቀ። 59 "ጥርት ብለህ ትሰማለህ" ነው፤ 73 "ሰላም ሁን"። አፍ ጭራሽ የማያስፈልግበትም አለ። በኮምፒውተር የሚሠራው ኤፍቲ8 የሚባል አላላክ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሲሆን፣ ከሠሩት አንዱ የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ጆ ቴይለር ነው። ጆሮ የማይለየውን ደካማ ምልክት ያነባል። እኔ ብዙም አልወደውም፣ ሰው የለበትም፤ ልጆቹ ግን ይሞቱለታል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኛ ዱሮ የጀርመን ድምፅን በአጭር ሞገድ ስንሰማ ማታ ጥርት ይልና ቀን ይጠፋ ነበር። ምን ነበር እሱ?

አባባ፣ እርስዎ ሳይታወቅዎ ግማሹን ትምህርት ጨርሰዋል። ከላያችን ፀሐይ በኤሌክትሪክ የሞላችው የአየር ንብርብር አለ፤ ሞገዱ እሱን ነክቶ ወደ መሬት ይመለሳል። ቀን ላይ ከሥሩ ሌላ ንብርብር ይፈጠርና ዝቅ ያሉትን ሞገዶች ይውጣቸዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ የታችኛው ይከስማል፣ መንገዱ ይከፈታል። ስለዚህ 7 ሜጋኸርዝ ለማታ፣ 21 እና 28 ለቀን ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ዛሬ ራዲዮው የሚንጫጫው አርጅቶ አይደለም። የስልክ ቻርጀሩ፣ ኤልኢዲ አምፖሉ፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ አጭር ሞገድ ላይ ይጮኻሉ። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ያማርራል፤ እኔ ራዲዮዬን ይዤ እወጣለሁ። ያኔ ሰማዩ እንደ እርስዎ ዘመን ነው።

ጥያቄ፦ ጣሪያ ላይ ያለው ዲሽ ለዚህ ይጠቅማል?

እንዴታ! እ.ኤ.አ. ኅዳር 2018 የመጠቀው ኢስሃይል 2 ሳተላይት ላይ የአማተሮች መሣሪያ ተጭኗል፤ 25.9 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለቆመ ሌት ተቀን ያየናል። ከጅማ ዲሹን ወደ ደቡብ ምዕራብ አዙሮ 74 ዲግሪ ያህል ማንጋጠጥ ነው፤ አናት ላይ ማለት ይቻላል። ተራው ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ላይ የሚቆመው መቀበያ) ምልክቱን ወደ 739.55 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያወርደዋል፤ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካው የመቀበያ ዶንግል እዚያ ይይዘዋል። ግን ለኤልኤንቢው የሚሄደው 13 ቮልት ወደ ዶንግሉ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ በአንድ በኩል ብቻ ኃይል የሚያሳልፍ ስፕሊተር (መስመር ማካፈያ) ይበቃል። ቤተሰቡ ድራማ የሚያይበትን ዲሽ ግን እንዳትነኩ፤ ያ የእኔ ኃላፊነት አይደለም።

ጥያቄ፦ የጠፈር ጣቢያው ይሰማል ሲባል እውነት ነው?

እውነት ነው። 145.800 ሜጋኸርዝ። አንዳንድ ጊዜ ጠፈርተኞቹ ከተማሪዎች ጋር ያወራሉ፣ አንዳንዴም ሥዕል ይልካሉ። ከአናት በላይ የሚቆየው ቢበዛ 10 ደቂቃ ያህል ነው።

ጥያቄ፦ የሰማነውን በምንጽፍበት መዝገብ ላይ ያለው ዩቲሲ (የዓለም የጋራ ሰዓት) ግራ ገባኝ።

ለእኛ ከሁሉም ይቀላል፦ ከዩቲሲው 3 ቀንስ። 12 ካለ በእኛ ቀን 9 ሰዓት ነው። ቀኑን ግን በፈረንጅ ጻፍ፤ አንዱ ልጅ ሙሉ ገጽ በእኛ አቆጣጠር ሞልቶ ከሰባት ዓመት በፊት ያዳመጠ አስመስሎታል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ10ኛ ክፍሉ ነኝ። የአያቴንና የጎረቤታችንን ራዲዮ አጠጋግቼ ሞከርኩ። ሰው አላገኘሁም። 7 ሜጋኸርዝ መጀመሪያ ላይ ግን ዳ ዲ ዳ ዲ፣ ዳ ዳ ዲ ዳ የሚል እየተደጋገመ መጣ። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም! ሞርስ ነው፤ ያ "ሲ ኪው" ነው፤ "ማንም ያለህ፣ መልስልኝ" ማለት። ሰው አግኝተሃል። ዳ ዲ ዲ፣ ዲ ("ከ" ማለት ነው) ብሎ ቀጥሎ የሚደግመው የራሱ የጥሪ ምልክት ነው፤ በ5 ዜድ ከጀመረ ኬንያ ነው፣ በ4 ኤክስ ከሆነ እስራኤል። ዛሬ ማታ እዚያው ቁም፣ የሰማኸውን ሳትተረጉም በዳና በዲ ብቻ ጻፈው። ቅዳሜ ደብተሩን ይዘህ ና። ሁለቱንም ራዲዮ አምጣ፤ ጎረቤትህን አስፈቅደህ።