ድባቴን በምግብ ማከም ይቻላል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ለድባቴ መድኃኒት ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ፤ አሁን ተሽሎኛል። ግን ዕድሜ ልኬን ኪኒን ስውጥ መኖር አልፈልግም። አመጋገብን ማስተካከል ብቻውን ድባቴን ያድናል ሲባል ሰማሁ። ኪኒኑን ትቼ ልሞክረው?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ኪኒንዎን እንዳያቋርጡ አደራ። የተሻለዎት መድኃኒቱ ይዞዎት ሊሆን ይችላል። በድንገት ሲቆም ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቅላትን ኤሌክትሪክ የነዘረው ያህል ስሜት ሊመጣ ይችላል። ሕመሙም ሊያገረሽ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ከተሻለዎት በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር እንዲቀጥሉ እንመክራለን። ከዚያ ሐኪምዎ ቀስ እያለ ይቀንሰዋል። ለብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ጉዳይ አይደለም።

ስለ ምግቡ የሰሙት ግን ባዶ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች 67 የድባቴ ታማሚዎችን ያሳተፈ ጥናት አወጡ። ግማሽ ያህሉ ለ12 ሳምንታት በምግብ ባለሙያ እየታገዙ አመጋገባቸውን አስተካከሉ። የቀሩት በዚያው ልክ ከሰው ጋር ቁጭ ብለው ሲጨዋወቱ ቆዩ። ከመጀመሪያዎቹ 32 በመቶ ያህሉ ከድባቴ ወጡ፤ ከሌሎቹ 8 በመቶ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ግን እኔን አሳምኖኛል። ልብ ይበሉ፣ አብዛኞቹ መድኃኒት ወይም የምክር ሕክምና ላይ ነበሩ። ምግቡ ተጨመረ እንጂ አልተተካም።

የበሉት አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ዓሣ፣ ለውዝና የወይራ ዘይት ነው። ጣፋጭ፣ ለስላሳ መጠጥና የተጠበሰ ነገር ቀነሱ። እስኪጠግቡ ይበሉ ነበር፤ ክብደት መቀነስ ዓላማው አልነበረም። በቫይታሚን እንክብል ልተካው ካሉ ግን አልመክርዎትም። በ2019 የወጣ ከ1,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ የአውሮፓ ጥናት እንክብሉ ድባቴን እንዳልተከላከለ አሳይቷል።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ድባቴ ያለበት ሰው ምግብ መሥራት ያቅተዋል። አንዲት ታካሚዬ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ትቆም ነበር። ካሮቱን ታየዋለች። ማጠቡ፣ መላጡ፣ መቀቀሉ ይታያትና መልሳ ትዘጋዋለች። ብስኩት በልታ ትተኛለች። ከዚያ «እኔ ሰነፍ ነኝ» እያለች ታለቅሳለች። ስንፍና አይደለም፣ ሕመሙ ነው! በአንድ ነገር ብቻ ጀመርን፦ ጠዋት አንድ ሙዝና የተቀቀለ እንቁላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ምስር ጨመርን። ጉልበት ባገኘች ቀን በርከት አድርጋ ትቀቅልና ከፋፍላ ታስቀምጣለች። እርስዎም ከዚህ ያልበለጠ ይጀምሩ።

በሚቀጥለው ቀጠሮዎ የብረት፣ የቫይታሚን ቢ12 እና የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልገኝ እንደሆነ ብለው ይጠይቁ። የእነዚህ ችግር ድባቴ ሊመስል ይችላል። ሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣብዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። በዚያኑ ሰዓት ለሚቀርብዎት ሰው ይንገሩና አብራችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ።