ጅቡቲ መስመር ልግባ ወይስ ልቅር ላልከኝ ወንድሜ

ሰላም ወንድም ዓለም፣ መልእክትህን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌላውም አንባቢ እንዲገባው ባጭሩ ላስቀምጠው፦ ልጁ አዘዞ ነው የሚኖረው፣ ጎንደርና ዙሪያዋን በአይሱዙ ሲሚንቶና ቢራ ሲያመላልስ ቆይቶ ተሳቢ የሚያስነዳውን ደረቅ 3 መንጃ ፈቃድ አውጥቷል፣ አሁን አንድ ባለንብረት ተሳቢ ልስጥህ ጅቡቲ ግባ ብሎታል፣ ደሞዙ አበሉ ሳይቆጠር አሁን ከሚያገኘው እጥፍ ነው፣ ባለቤቱ ደግሞ የ7 ወር ነፍሰ ጡር ናት እና "ልጅህን በስልክ ልታሳድግ ነው ወይ" ብላ አኩርፋለች።

እኔ ግባ ነው የምልህ፣ ግን በዚህ ወር አትግባ፣ ባለንብረቱ ባቀረበልህ ውልም አትግባ።

ግባ ያልኩህ ሙያህ ስለሆነ ነው። የሀገሪቱ ገቢ እቃ አብዛኛው በጅቡቲ ነው የሚመጣው፣ እዛ መስመር ላይ ንፁህ ሆኖ የሰራ ሹፌር በኋላ ጡረታ የሚከፍልና ደህና ውል ያለው ድርጅት ለመግባት በሩ ይከፈትለታል። አይሱዙ ላይ ስትቆይ ግን ያወጣኸው ደረቅ 3 ኪስህ ውስጥ ያረጅብሃል።

አሁን ዋናው ነገር። ስለ ብሩ በደንብ ጠይቀሃል፣ ስንት ሌሊት ቤቴ አድራለሁ የሚለውን ግን አልጠየቅክም። ይሄ የሚወሰነው በኪሎ ሜትሩ እንዳይመስልህ፣ መኪናው የት ነው የሚያራግፈው በሚለው ነው። ጭነቱ ወረታ ደረቅ ወደብ ወይ ጎንደር ባህርዳር ከሆነ በወልድያ በጋሸና አድርገህ ትመጣና አራግፈህ ቤትህ ታድራለህ፣ ሞጆ ወይም ቃሊቲ ከሆነ ግን አራግፈህ ሳትጨርስ ባለንብረቱ ይደውልና ጭነት አለ ተመለስ ይልሃል፣ በቃ መኪናው አዲስ አበባና ጅቡቲ ሲመላለስ አንተ ጎንደርን ሳታያት ወር ይሞላል፣ ባለንብረቱ የጎንደር ሰው መሆኑ ምንም አይጠቅምህም። ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቀው፦ አብዛኛው ጭነት ማራገፊያው የት ነው፣ ከስንት ምልልስ በኋላ ነው ቤቴ የምገባው፣ ስገባስ ስንት ቀን ነው የማርፈው። መልሱን በወረቀት አስጽፍ። ለባለቤትህም በዚህ ቀን እደርሳለሁ ብለህ ቃል አትግባላት፣ ወደብ ላይ ተራ አለ፣ ድንበሩ ጋላፊ ላይ ወረቀት አለ፣ ጎማ አለ፣ መንገድ መዘጋት አለ፣ አንድ ሁለቴ ቃልህ ከተሰበረ የምትነግራት ሁሉ ውሸት ይመስላታል።

በዚህ ወር አትግባ ያልኩት ስለ ወሊዱ ነው። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 አባት ለወሊድ የሚያገኘው 3 ተከታታይ ቀን ነው፣ የአመት እረፍቱም የመጀመሪያው 16 የስራ ቀን ገና አመት ስትሞላ ነው የሚመጣው። አዲስ ገቢ ሆነህ ምጥ ሲመጣ አፋር በረሃ ብትሆን ማንም አይመልስህም። ልጁ ወንድ ከሆነ ክርስትናው በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ነው፣ እኔ ብሆን እስከዛ አይሱዙዋን እየነዳሁ እቆይ ነበር። ባለንብረቱ አልጠብቅም ካለህ ይቅርብህ፣ መኪና ያለው እሱ ብቻ አይደለም።

ባለቤትህ ለምን ያኮረፈች ይመስልሃል? መልእክትህ ላይ "ወስኜ ስነግራት" ብለሃል። እሷ ባልነበረችበት የተወሰነ ነገር ላይ እሷ ልታለቅስ፣ ልታምጥ፣ ብቻዋን ልጅ ልታስታምም ነው እኮ። ቁጭ በሉና እንደገና ከዜሮ ተነጋገሩበት፣ እምቢ ማለት እንደምትችል አውቃ። ሹፌር ቤት ውስጥ ትዳር ሲበላሽ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር ብር ነው፣ ባል መንገድ ላይ ሆኖ በመቶ በመቶ እየቆነጠረ ይልካል፣ ሚስት ለወተት ለመድሃኒት ስልክ ደውላ ትለምናለች፣ እሱ ደሞ ጋላፊ ሰልፍ ላይ በሙቀት ተናዶ ይመልስላታል። ይሄን ከወዲሁ ዝጋው፣ ደሞዙ በቀጥታ በሷ አካውንት ይግባ፣ አንተ መንገድ ላይ በአበልህ ኑር። አበል የማያኖር ከሆነ እሱም የውሉ ችግር ነው፣ ሳትፈርም ተነጋገርበት።

ስትነዳ አትደውል፣ ማታ ቆመህ ደውል። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ስትገባ ቀድመህ ንገራት፣ እዚህ ድረስ ስልኬ አይሰራም በላት፣ ሳትነግራት ስልክህ ሲጠፋ የምታስበው መኪናው እንደተገለበጠ ነው። ሹፌር መንገድ ላይ ሌላ ሴት ይይዛል ስለሚባለው ነገርም አፍረን አንለፈው፣ ጥርጣሬ ከሁለታችሁም ሊመጣ ይችላል፣ አብራችሁ ኤችአይቪ ተመርመሩ፣ በየጊዜውም ይሁን፣ ዘመድና ጎረቤት የሚያቀብላችሁን ወሬ ከሁለታችሁ አፍ ሳትሰሙ አትመኑ። ስትመለስ ደግሞ እንደ ተቆጣጣሪ አትግባ። አንተ በሌለህበት ቤቱ የራሱ ሰአት ይኖረዋል፣ ህፃኑ የሚተኛበት፣ የባለቤትህ እናት የምትመጣበት፣ አንተ ደርሰህ ይሄ ለምን እዚህ ተቀመጠ ማለት ስትጀምር መምጣትህን መፍራት ይጀምራሉ። ልጁ አይቶህ ካለቀሰም አይክፋህ፣ ሳታስገድደው አጠገቡ ዋል፣ አጥበው፣ አዝለው፣ ይለምድሃል።

ወደ ውሉ ልመለስና፣ መኪናው ሶስተኛ ወገን መድን አለው ቢሉህ አትረጋጋ፣ እሱ የሚሸፍነው አንተ የጎዳኸውን ሰው ነው፣ መሪ የያዝከውን አንተን አይደለም። ስራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ለሹፌርና ለረዳት የተገባ መድን አለ ወይ ብለህ ጠይቅ፣ ወረቀቱንም እይ። የጭነት ጉድለት፣ የጎማ ስርቆት፣ ቅጣት በማን ነው የሚለውም ይጻፍ። በፀጥታ ምክንያት አልሄድም ያልክበት ቀን ከደሞዝህ እንዳይቆረጥ በደንብ ተከራከር፣ እገታ ባለበት ጊዜ ይሄ ቅንጦት አይደለም። እንቅልፍህ ሲመጣ ደግሞ ቁም፣ በጫት እየተገፋህ ሌሊቱን አትንዳ፣ አንዳንድ ባለንብረት በዝምታ የሚፈልገው እሱን ነው፣ አንተ ግን እምቢ በል።

በዚህ ሳምንት ባለንብረቱን ብቻህን አታግኘው፣ ረዳት ሆነህ የሰራህለትን ያን ትልቅ ሹፌር ይዘህ ሂድ፣ እሱ ምን እንደሚጠየቅ ያውቃል። ማራገፊያ ቦታው፣ የእረፍት ቀኑና መድኑ፣ ሶስቱ ከተጻፉ ከክርስትናው በኋላ ግባ። በቃል እንተማመን ካለህ አመስግነህ ውጣና ወረታ ደረቅ ወደብ አካባቢ ጎንደር ባህርዳር የሚጭኑትን ጠይቅ፣ ደሞዙ ያንሳል፣ ግን እዛም ደረቅ 3ህ ስራ ላይ ይውላል። ውሉ ሲደርስህ ሳትፈርም ላክልኝ፣ አብረን እናነበዋለን፣ ባለቤትህም አጠገብህ ትሁን።