«በአራት ደርድሩ» ሲባል ስንት ረድፍ ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለገጣፎ ነው። ለለቅሶ ድንኳን 24 የእድር ወንበር መጥቶ፣ የእድሩ ዳኛ «በአራት ደርድሯቸው» ቢሉ ገሚሱ ልጅ አራት ረድፍ ሠራ፣ ገሚሱ በየረድፉ አራት ወንበር አደረገ። ትክክሉ የቱ ነው? ልጄም «24 በተለያዩ ቁጥሮች ብዜት በስንት መንገድ ይጻፋል?» የሚል የቤት ሥራ ይዛ መጥታ፣ እሷ 7 ስትል ጎረቤታችን 20 ነው ብሎ ሞገታት። ጥፋቱ የሒሳቡ ነው ወይስ የአማርኛው?

መልስ፦ ልጆቹ አላጠፉም። «በአራት» ብቻውን የረድፎቹን ብዛትም፣ አንድ ረድፍ የሚይዘውንም ሊያመለክት ይችላል። አማርኛችን ግን መለያ አላጣም። «ለአራት ክፈሏቸው» ቢባል አራት ቦታ ስድስት ስድስት ይሆናሉ፤ «አራት አራት አድርጋችሁ ደርድሩ» ቢባል ስድስት ረድፍ ይወጣል። ቁጥር ሲደገም የሚናገረው የአንዱን ድርሻ ነው፤ «ሃምሳ ሃምሳ ብር አዋጡ» ሲባል ግር የሚለው የእድር አባል የለም። «በየአራት ወንበሩ መተላለፊያ ተዉ» ደግሞ ሌላ ትእዛዝ ነው።

የቤት ሥራው ላይ ያስቸገረው «የተለያዩ» የሚለው ቃል አቀማመጥ ነው። እንደተጻፈው ከወሰድነው ቁጥሮቹ ራሳቸው መለያየት አለባቸው፤ ስለዚህ 2×2×6 እና 2×2×2×3 ይወድቃሉ። የሚቀሩት 24 ራሱ፣ 2×12፣ 3×8፣ 4×6 እና 2×3×4 ናቸው፤ መልሱ 5፣ ማለትም የልጅዎም የጎረቤትዎም አይደለም! መምህሩ «በተለያዩ መንገዶች» ለማለት ፈልገው ይመስለኛል። ያኔ ሁለቱ የወደቁት ይመለሱና 7 ይሆናል። ጎረቤትዎ ቅደም ተከተሉንም ቆጥሯል፦ 2×12 እና 12×2 ለእሱ ሁለት ናቸው፣ 2×3×4 ብቻውን ስድስት ቦታ ይወስዳል፣ ተደምሮ 20። «መንገድ» የሚለው ቃል ቅደም ተከተል ይቆጠር አይቆጠር አይናገርም፤ ጠያቂው ነው መናገር ያለበት።

ሰባቱ ከየት እንደመጡ ልጅዎ ብትጠይቅ፣ 24 ወደ ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 የሚበልጡ ሆነው ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈሉ) ሲተነተን 2፣ 2፣ 2 እና 3 ነው፤ እያንዳንዱ መንገድ እነዚህን አራቱን መቧደን ነው። ሦስቱ ሁለቶች ስለማይለያዩ ብዙው አቧደን አንድ ይሆናል። 210 ግን 2፣ 3፣ 5 እና 7 ስለሆነ፣ አራቱም የተለያዩ ናቸውና 15 መንገድ አለው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «24ን ከ1 የሚበልጡ ሙሉ ቁጥሮች ብዜት አድርጎ በስንት መንገድ መጻፍ ይቻላል? ቅደም ተከተላቸው ብቻ የሚለያይ እንደ አንድ ይቆጠር።» «ከ1 የሚበልጡ» የሚለው ከቀረ አንድን እየደጋገሙ ማባዛት ይቻላልና ቆጠራው ማለቂያ የለውም። 24 ብቻውን ይቆጠር አይቆጠርም መነገር አለበት፤ በሒሳቡ ልማድ ይቆጠራል፣ በተራ አማርኛ ግን «ብዜት» ሲባል ቢያንስ ሁለት ቁጥር ይጠበቃል፤ በዚያ አነጋገር መልሱ 6 ነው።