ሦስት ጊዜ ፎርማት ተደርጎ የማይድን ላፕቶፕ

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት በመስጠት እተዳደራለሁ። ዊንዶውስ 10 የተጫነበት አንድ ላፕቶፕ አለኝ፤ ደንበኞች ቀኑን ሙሉ የማመልከቻ ደብዳቤ፣ የትምህርት ማስረጃና የመመረቂያ ጽሑፍ በፍላሽ እያመጡ ያሳትማሉ። ባለፉት ወራት ፍላሽ በተሰካ ቁጥር በውስጡ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ወደ ሾርትከት እየተቀየሩ ደንበኞቼ «ፍላሻችንን አበላሸህብን» እያሉ ይወቅሱኛል። ባለሙያ ዘንድ ወስጄ ሦስት ጊዜ እየከፈልሁ ፎርማት አስደርጌዋለሁ፤ ሆኖም ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ቫይረሱ ይመለሳል። በዲ ክፍል ላይ ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፉ የብዙ ዓመታት ሰነዶች፣ እንዲሁም ሒሳቡን የምሠራለት የአንድ ማኅበር የፒችትሪ መዝገብ አለኝ። እነዚህን ሳላጣ ይህን ቫይረስ ጨርሶ ማጥፋት የምችለው እንዴት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የገለጹት ምልክት በተለምዶ «የሾርትከት ቫይረስ» የሚባለው ነው። የአሠራሩን መንገድ ካወቁ ለምን ሦስት ጊዜ እንደተመለሰም ራስዎ ይደርሱበታል። ቫይረሱ በፍላሹ ላይ ያሉትን ፎልደሮች አያጠፋቸውም፤ የተደበቀና የሲስተም ፋይል የሚል ምልክት ሰጥቶ ከዓይን ይሰውራቸዋል። ከዚያም በየፎልደሩ ስም የፎልደር ሥዕል ያለው ሾርትከት ይተካል። ደንበኛዎ ፎልደሩን የከፈተ መስሎት ሾርትከቱን ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲያደርግ አስቀድሞ የሚነሣው የተደበቀው የቫይረሱ ፕሮግራም ነው፤ ወዲያውም እውነተኛው ፎልደር ስለሚከፈት ሰውየው አንዳች ነገር መፈጸሙን አይጠረጥርም። በዚህች ቅጽበት ቫይረሱ ራሱን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጦ፣ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ እንዲነሣ ተመዝግቦ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰካውን ፍላሽ ሁሉ ሲበክል ይኖራል።

አሁን ወደ ዲ ክፍል እንምጣ። በአገራችን «ፎርማት» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውስ ያለበትን የሲ ክፍል ብቻ አጥፍቶ እንደ ገና መጫን ማለት ነው፤ ዲ የባለቤቱ ንብረት ስለሆነ አይነካም። ሳሎኑ ተጠርጎ ጓዳው እንደ ነበረ ቀርቷል ማለት ነው። በዲ ላይ የተኛው ቫይረስ በራሱ መነሣት አይችልም፤ ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራምን በራሱ ማስነሣት ስለተከለከለ እንዲህ ያለው ቫይረስ የሰው እጅ ይፈልጋል። እርስዎ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ የቆየ ሰነድ ፈልገው በዲ ላይ ያለውን ሐሰተኛ ፎልደር ጠቅ ያደረጉ ዕለት ግን አዲሱ ዊንዶውስ እንደ አሮጌው ተበከለ። የአንድ ወይም የሁለት ሳምንቱ ፋታ ምንጭ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ቫይረሱ የሚመለስበት ሁለተኛው በር ዲ ላይ «ሶፍትዌር» ተብሎ የሚቀመጠው የመጫኛዎች ክምችት ነው። እንደ ሳሊቲ ያሉ ቫይረሶች፣ ሳሊቲ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ ነው፣ ሾርትከት በመሥራት አይወሰኑም፤ በጤነኛ የመጫኛ ፋይል ውስጥ ገብተው ከእሱ ጋር አብረው ይጫናሉ። ሦስተኛውን በር ለመናገር ትንሽ ይከብደኛል፤ ባለሙያዎቹ በአነስተኛ ክፍያ ብዙ የሚደክሙ ሰዎች ናቸውና። ነገር ግን ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲዘዋወር የሚውለው የባለሙያው ፍላሽ፣ በተለይም በውስጡ ያለው ዊንዶውስን ያለ ፈቃድ የሚያነቃው «አክቲቬተር»፣ ከደንበኞችዎ ፍላሽ የበለጠ ሊያሳስብዎ ይገባል። ሥራውን ለመጀመር መጀመሪያ ፀረ ቫይረሱን እንዲያጠፉ የሚጠይቅ ፕሮግራም ምን ይዞ እንደሚገባ በምንም መንገድ ማረጋገጥ አይቻልም።

ስለዚህ አራተኛው ፎርማት የመጨረሻው እንዲሆን ከተፈለገ ሥራው የሚጀምረው ከማጥፋት ሳይሆን ከማዳን ነው። በፒችትሪ እንጀምር፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያለቅሰው በእሱ ነው። መዝገቡ በዲ ላይ እንዳለ ጽፈውልናል፤ ነገር ግን ፒችትሪ በተለመደው አጫጫን የድርጅቱን መረጃ የሚያስቀምጠው በሲ ክፍል ነውና በዲ ላይ ያለው የቆየ ቅጂ እንዳይሆን ያረጋግጡ። አስተማማኙ መንገድ ፕሮግራሙን ከፍቶ ከራሱ የፋይል ዝርዝር ባክአፕ ማውጣት ነው፤ በመጨረሻው ፒ ቲ ቢ የሚል ቅጥያ ያለው አንድ ፋይል ይሰጥዎታል። የፕሮግራሙን የሥሪት ዓመትም በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ በአዲስ ሥሪት የወጣን ባክአፕ አሮጌው ሥሪት አይቀበለውምና።

የቀሩትን ሰነዶች በታመመው ዊንዶውስ ውስጥ ሆነው ወደ ኤክስተርናል ዲስክ አይገልብጡ፤ ዲስኩ እንደ ተሰካ ይበከላል። ይልቁንም ንጹሕ በሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱ የተባለውን ነፃ ሲስተም በፍላሽ አዘጋጅተው፣ ሳይጭኑት «ሞክር» በሚለው ምርጫ ላፕቶፑን ከፍላሹ ያስነሡ። ለዊንዶውስ የተጻፈው ቫይረስ በዚያ አይነሣም፤ የተደበቁት ፎልደሮችም ኡቡንቱ የዊንዶውስን የመደበቂያ ምልክት ስለማይከተል እንደ ማንኛውም ፎልደር ይታያሉ። ከዚያ የሚገለብጡት ሰነድ፣ ፎቶና የፒችትሪውን ባክአፕ ብቻ ነው። ሾርትከቶችን፣ መጫኛዎችንና ስማቸው የማይገባዎትን ትንንሽ ፋይሎች እዚያው ይተዉአቸው። ለዓመታት የሰበሰቡትን የመጫኛ ክምችት መተው እንደሚያሳዝን አውቃለሁ፤ ቢሆንም አንዱንም ይዘው አይውጡ። ተገልብጦ ሲያልቅ ዲስኩን በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር በፀረ ቫይረስ አስፈትሸው ጥቂት ሰነዶችን ከፍተው ይመልከቱ፤ ያልተከፈተ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቆጠርም።

የዊንዶውሱን መጫኛ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ፣ በንጹሕ ኮምፒውተር፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ ያዘጋጁ፤ በፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ያስታውሱ። እዚህ ላይ አንድ ውሳኔ ይጠብቅዎታል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ላፕቶፕዎ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሚሞሪና 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ቲ ፒ ኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ክፍልና የሚፈቀድ ፕሮሰሰር ካለው፣ በኢንቴል በኩል ባጭሩ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለው ማለት ነው፣ በዚሁ አጋጣሚ ወደ ዊንዶውስ 11 ይሻገሩ። ፈቃዱ ላያስቸግርዎት ይችላል፤ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የተሸጡ ላፕቶፖች ቁልፋቸው በማዘርቦርዱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ባለሙያዎች እንደ ልማድ «ፕሮ» የሚለውን ይጭናሉ፤ ላፕቶፑ ከፋብሪካ ሲወጣ ዊንዶውስ 10 «ሆም» ከነበረ ግን ቁልፉ ለፕሮ አይሠራምና ያንኑ ሆምን ከጫኑ ኢንተርኔት ሲያገኝ ያለ አክቲቬተር ራሱ ይነቃል።

መጫን ከመጀመርዎ በፊት ኤክስተርናል ዲስኩን ነቅለው ከጠረጴዛው ያርቁት። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን መጫኛው የሚያሳየው የዲስኮች ዝርዝር የተሰካውን ሁሉ ስለሚያካትት፣ ያዳኑትን ሰነድ በገዛ እጅ ማጥፋት የአንድ ጠቅታ ስሕተት ነው። ዝርዝሩ ሲመጣ ሲን ብቻ ሳይሆን ዲንም፣ ትንንሾቹንም ክፍሎች አንድ በአንድ ሰርዘው ዲስኩ በሙሉ «ያልተመደበ ቦታ» ሲሆን እሱን መርጠው ይቀጥሉ። ለሰዓታት የሚቆየው ሙሉ ፎርማት ለዚህ ጉዳይ አያስፈልግም፤ ፈጣኑ በቂ ነው፤ ማውጫው የተሰረዘበት ቫይረስ የሚያስነሣው የለምና። በመሀል መብራት ቢጠፋ አይደንግጡ፤ መጫኑ ከመጀመሪያው ይደገማል እንጂ ዕቃው አይበላሽም። ባዮስ የተባለውን፣ ኮምፒውተሩን የሚያስነሣውን የማዘርቦርድ ፕሮግራም፣ እያደሱ መብራት ቢጠፋ ግን ጉዳቱ ከባድ ስለሆነ፣ ያለ በቂ ምክንያት እሱን አይነካኩ።

አንዳንዶች «ቫይረሱ ማዘርቦርዱ ውስጥ ገብቷል» ብለው ያስፈራሩ ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ ኢሴት የተባለው የፀረ ቫይረስ ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ሎጃክስ የተባለውን ይፋ አድርጎ ነበር። ዒላማዎቹ ግን የመንግሥት ተቋማት ነበሩ፤ የጽሕፈት ሱቅ ፈልጎ የሚመጣ አይደለም።

ከተጫነ በኋላ መጀመሪያ ዊንዶውሱን ከኢንተርኔት ያድሱ፤ አብሮት የሚመጣው ዲፌንደር የተባለው ፀረ ቫይረስም ሳይጠፋ ይቆይ፤ ለእርስዎ ሥራ በቂ ነው። ሰነዶችዎን መልሰው ሲከፍቱ አንዳንዶቹ ትርጉም በሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ተሞልተው ቢያገኟቸው ቫይረስ በላቸው ብለው አይደምድሙ። ዩኒኮድ ከተባለው የፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ሥርዓት በፊት የነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ስላስቀመጡት፣ ያው ፎንት ሲጫን ጽሑፉ ይመለሳል። ኒያላ በተባለው የዊንዶውስ የአማርኛ ፎንት የተጻፈው ደግሞ መልኩ ቢለወጥ፣ ኒያላ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ተጨማሪ አማራጭ ሆኖ ስለተቀመጠ ከሴቲንግ ውስጥ «ኢትዮጲክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን ፈልገው ይጨምሩት። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው፤ አዲስ የተጫነውን ኮምፒውተር ይዘው ፓወር ግዕዝን ከጎረቤት ሱቅ ፍላሽ ላይ ሊገለብጡ ይሄዳሉ። ኮምፒውተሩ ከመጣበት ሕመም ጋር እንደ ገና የሚገናኘው በዚያ ፍላሽ ነው።

ስለ ደንበኞች ፍላሽ፦ የሚቻለውን ያህል ፋይሉን በቴሌግራም እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። ፍላሽ መሰካት ግድ ሲሆን ሳይከፍቱ በስተቀኝ ጠቅታ በዲፌንደር ያስፈትሹት። በፎልደር አማራጮች ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ ያብሩ፤ ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ከሥሩ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምርጫም ያንሡ። ያን ጊዜ ደብዘዝ ያለው እውነተኛው ፎልደርና ቀስት ያለበት ሐሰተኛው ጎን ለጎን ይታዩዎታል፤ ቀስት ያለባቸውን ይሰርዟቸው፤ የደንበኛዎን ፍላሽ ግን ፎርማት አያድርጉ። ረዳት ሠራተኛ ካለዎት ደግሞ ፕሮግራም የመጫን ሥልጣን የሌለው የተለየ አካውንት ይክፈቱለት።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ፤ የምጽፍላችሁ ከአዲስ አበባ ነው። የተሰበረ ፈቃድ ያለው ፕሮግራም ከጫንሁ በኋላ ፋይሎቼ ሁሉ በስማቸው መጨረሻ እንግዳ ቅጥያ ተጨምሮባቸው አልከፈት ብለዋል፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍም በየፎልደሩ አለ። ፎርማት ላድርገው?

መልስ፦ ዛሬ አያድርጉት። ይህ ራንሰምዌር የሚባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ፕሮግራሙን ያጠፋል እንጂ የተቆለፈውን አይከፍትም፤ በዲስኩ ላይ ያሉትን ፋይሎችም አብሮ ይወስዳቸዋል። ኢንተርኔቱን ያቋርጡ፤ ከላይ በተገለጸው የኡቡንቱ መንገድ የተቆለፉትን ፋይሎችና የገንዘብ መጠየቂያውን ጽሑፍ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጠው ያስቀምጡ። የደች ፖሊስና ዩሮፖል ከፀረ ቫይረስ ድርጅቶች ጋር በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ባቋቋሙት «ኖ ሞር ራንሰም» ገጽ ላይ ከተቆለፉት አንዱን ፋይልና ጽሑፉን ሲያስገቡ የቫይረሱን ዓይነት ይለይልዎታል፤ መክፈቻ ካለም በነፃ ይሰጣል። በተሰበሩ ፕሮግራሞች በኩል በብዛት የሚሠራጨው ስቶፕ የተባለው ቤተሰብ ነው፤ ኤምሲሶፍት የተባለው የፀረ ቫይረስ ድርጅት በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. ለ148 ዝርያዎቹ መክፈቻ አውጥቶለት ነበር፤ ለአዳዲሶቹ ግን የሚሠራው በተወሰነ ሁኔታ ብቻ ነው። ዛሬ ባይገኝም ቅጂውን አይጣሉት። ኮምፒውተሩን ፎርማት የሚያደርጉት ቅጂው ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ ከዚያም በዚያ ኮምፒውተር የተጠቀሙባቸውን የይለፍ ቃላት በስልክዎ ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ ፎርማት ሲበዛ ሃርድ ዲስክ ይበላሻል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፈጣኑ ፎርማት የሚጽፈው ከመደበኛ የቀን ሥራ ያነሰ ነው። ሙሉ ፎርማት እንኳ ዲስኩን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ከመጻፍ አይበልጥም። ፎርማት በተደረገ ማግስት የሞተ ዲስክ አስቀድሞ ሲታመም የኖረ ነው፤ መገልበጥ ሲዘገይ ወይም ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ሲሰሙ ፎርማቱን ትተው ሰነድዎን ያውጡ።