ድዴ ስለሚደማ መቦረሽ አቆምኩ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ የምኖረው አዳማ ነው። ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ስለሚደማ ፈርቼ ካቆምኩ 3 ሳምንት ሆነኝ፤ አሁን በውሃ ብቻ ነው የምጉመጠመጠው። የተቦረቦረ መንጋጋም አለኝ፣ ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዘኛል። እናቴ ግን «ልጁ ካልሲየምሽን እየወሰደው ነው፣ እስክትወልጂ ጥርስ አይነካም» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬ ማታ ብሩሽሽን አንሺ። ድድሽ የሚደማው ስለቦረሽሽው አይደለም። በእርግዝና ጊዜ ሆርሞን ሲጨምር፣ ድድ ጥርስ ላይ በሚጋገረው ቆሻሻ በቀላሉ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ትንሽ ሲነኩት ይደማል። መቦረሽ ስታቆሚ ቆሻሻው ይከመራል፣ መድማቱም ይብሳል። ለስላሳ ብሩሽ ያዢና ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ጠዋትና ማታ፣ በተለይ ድድና ጥርስ የሚገናኙበትን ቦታ፣ በቀስታ ቦርሺ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም ብታዪ አትደንግጪ። መፋቂያ የለመድሽ ከሆነም ጥሩ ነው፤ ጫፉን በደንብ አለስልሺው፣ ድድሽን እንዳይወጋሽ።

እናትሽ ያሉትን ከብዙ እናቶች እሰማዋለሁ፤ ለአንቺ አስበው ነው። ግን ልጁ ከጥርስሽ ካልሲየም አይወስድም። በምግብ በቂ ካላገኘሽ የሚወሰደው ከአጥንትሽ ነው፤ ስለዚህ ወተቱን፣ እርጎውን፣ ጎመኑን አትተዪ። በእርግዝና ጥርስ የሚጎዳው ቶሎ ቶሎ ጣፋጭ ስለሚቀመስ፣ ብሩሽ ሲያቅለሸልሽ ስለሚተው፣ ደግሞም ሲያስመልስ የሚወጣው አሲድ ጥርስን ስለሚያለሰልስ ነው። ካስመለሰሽ ወዲያው አትቦርሺ። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠሽ ተጉመጥመጪና ትፊው፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ቦርሺ።

መንጋጋሽን እስክትወልጂ አታቆዪው። አሁን ያለሽበት ጊዜ ለሕክምና ምቹ ነው፤ ማቅለሽለሹ ቀለል ብሏል፣ ሆድሽም በጀርባ ለመተኛት ገና አላስቸገረሽም። ጥርስ ሐኪም የሚጠቀምበት ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ ለነፍሰ ጡር ይሰጣል፣ መሙላትም መንቀልም ይቻላል። ገና ስትገቢ ግን እርጉዝ መሆንሽን ተናገሪ። ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን የተባሉት አንቲባዮቲኮች የልጁን ጥርስ ያበላሻሉ፣ አይቡፕሮፌን የተባለው የሕመም ማስታገሻም ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም፤ አንቺ ደግሞ እዚያው አካባቢ ነሽ። እስከዚያው ሕመሙን ፓራሲታሞል ያስታግስልሻል።

ፊትሽ ካበጠ፣ ትኩሳት ከያዘሽ፣ ወይም አፍሽን መክፈትና መዋጥ ካቃተሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ሂጂ።