የአያታችሁን የሕይወት ታሪክ ከአሁኑ ጻፉት

ለድሬዳዋ ልጆች፣

ለቀብር የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ብዙውን ጊዜ ድንኳን እየተተከለ፣ በአንድ ሌሊት ይጻፋል። «ሃይማኖተኛ፣ ደግ፣ ሥራ ወዳድ ነበሩ» ይልና ወደ ልጅና የልጅ ልጅ ቁጥር ያልፋል። ስሙን ቀይራችሁ ለሌላ እናት ብታነቡት ማንም አይነቃባችሁም። አያታችሁ ዛሬ ቡና የሚያፈሉ ከሆነ ሥራውን ዛሬ ጀምሩ።

በድሬ ቀረጻ የሚያበላሸው ቬንትሌተር ነው። ጆሮ ስለለመደው አይሰማችሁም፤ ስልኩ ግን ከእሳቸው ድምፅ በላይ እሱን ይይዛል። ስለዚህ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ከጠዋቱ አንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ አጥፉትና ቅረጹ። ስልኩን ጥሪ እንዳይገባበት አድርጋችሁ በታጠፈ ነጠላ ላይ፣ ከአፋቸው አንድ ክንድ ያህል አርቃችሁ አስቀምጡት። ረከቦቱ አጠገብ ከሆነ የሲኒው ኳኳታ ንግግሩን ይበላዋል። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። «እንዲሁ ነው» ማለት ካበዙ ደክሟቸዋልና ለሌላ ቀን ተዉት።

«ሕይወትሽ እንዴት ነበር?» አትበሉ፤ መልሱ «ተመስገን» ብቻ ነው። እጃቸው የሠራውን ጠይቁ። በቀን ስንት እንጀራ ይጋግሩ ነበር? ከዚያ ስንቱ ለቤት፣ ስንቱ ለሽያጭ፣ ስንቱ ለደጅ ሰው ነበር? ለሙስሊም ጎረቤት ድግስ ሲኖር ድስቱን ማን ለይቶ ይይዝ ነበር? ሥጋው ስለሚለያይ በዚህ ከተማ ደግነት ሁለት ድስት ይፈልጋል፤ «ሁሉን ወዳድ» ከሚለው ቃል ይልቅ ሁለተኛው ድስት ይጻፍ። ቁልቢ ገብርኤልም እንደዚሁ ነው። «በየዓመቱ ይሳለሙ ነበር» አይበቃም። ታኅሣሥ 19 ነው ሐምሌ 19? የደንገጎን አቀበት በእግር ነው በመኪና? ስለቱ ምን ነበር፣ ጃንጥላ ወይስ ጧፍ? ስለቱን የተሳሉበትን ምክንያት ግን ራሳቸው ካልጀመሩ አትጎትጉቱ።

ዓመተ ምሕረት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለው ዕድሜ ብዙ ጊዜ በግምት የተሞላ ነውና ብቻውን አትመኑት። እሳቸው የሚያውቁትን ክስተት ያዙ፤ ጣልያን የወጣበትን (1933)፣ የሶማሊያን ወረራ (1969–1970)፣ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሰው የወሰደበትን ክረምት (1998)። ከዚያ «ያኔ ማንን አዝለሽ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስለምትነሳ የክርስትናቸውን ዕለት ካወቁ የልደት ቀኑ ይገኛል። ለምሳሌ ጥር 21፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት ከሆነ፣ ወደ ኋላ ሲቆጠር ኅዳር መባቻ ላይ ያደርሳል። ውጭ ያለ ዘመድ በፈረንጅ ዘመን የጻፈውን ስትመልሱ ከመስከረም ጀምሮ ፈረንጆቹ ዓመት እስኪለውጡ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ቀንሱ። ሁልጊዜ 8 እየቀነሱ ሠርጉን ከእጮኝነቱ የሚያስቀድሙ አሉ!

የክርስትና ስማቸውን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉ። ፍትሐት የሚደረገው በዚያ ስም ነው፤ ልጆቹ ሳያውቁት ቀርተው በመጨረሻው ሰዓት የንስሐ አባት ፍለጋ የሚሮጥበት ቤት ብዙ ነው።

የእሳቸው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ደግ ሰው ያደረገውን አይቆጥርም። የጽዋ ማኅበራቸውን ሴቶችና የእድሩን ጸሐፊ ጠይቁ። እርዳታ ያገኘው ሰው ራሱ ቢነግራችሁም ስሙን በአደባባይ አታንብቡ። «የአንዲት ጎረቤታቸውን ልጅ የትምህርት ቤት ወጪ ሸፍነዋል» ማለት ይበቃል። ልጅቷ እዚያው ቆማ ልትሆን ትችላለች።

አንድ የእኛ ነገር። ድሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም «አንቺ»፣ «አንተ» ነው የምንለው። ጽሑፉ በ«እሳቸው» ይሁን፤ ዘመድም ካህናትም ያንን ይጠብቃሉ። የሰፈሩ ሰው የሚጠራቸውን ስም ግን አንዴ አስገቡት።

ርዝመቱ ከሁለት ገጽ አይለፍ፤ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው የሚሰማው። ፊደሉን አተልቁት፤ አንባቢው መነጽሩ በእንባ ይደበዝዝበታል። ሁለት ቅጂ አትሙና አንዱን ከቤተሰቡ ውጭ ላለ፣ ድምፁ ለማይሰበር ሰው ስጡ።