ለቅሶ ድረሱ

ልጆቼ፣ በሥዕል፣ በፎቶ፣ በጽሑፍ ወይም እንደ እኔ በቤት ንድፍ እንጀራችሁን ለመብላት የተነሳችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። አርክቴክት ነኝ። በትሬሲንግ ወረቀትና በራፒዶግራፍ፣ ማለትም በንድፍ መሣያ የቀለም ብዕር፣ ጀምሬ በኮምፒውተር ንድፍ ፕሮግራሙ በአውቶካድ ጡረታ ወጣሁ። አሁን የምኖረው ከጣፎ ጎን፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ወጣቶች ሲያገኙኝ «የፈጠራ ሐሳብ ከየት ይመጣል?» ይሉኛል። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ለቅሶ ድረሱ።

የምሬን ነው። ሰው ሠርግ ሲደግስ ቤቱን ያሳምራል። ለቅሶ ቤት ግን ማንም ለማሳመር አቅም የለውም። ሶፋው ጎረቤት ቤት ይገባል፣ አልጋው ይፈታል፣ ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፋል። ከዚያ ቤቱ እንዳለ ይታያል። ሰው የት ጋ መቀመጥ እንደሚወድ፣ ሴቶቹ ዕቃ ለማጠብ የት ጋ እንደሚጨናነቁ፣ አንድ አዛውንት ወደ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ በስንት ሰው ጉልበት ላይ እንደሚሻገሩ ታያላችሁ። ባለ አንድ መኝታ ቤት ስንት ሰው ይይዛል ብትሉኝ ፕላን አላወጣም። ለቅሶ ላይ ያየሁትን እነግራችኋለሁ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር ከየሕንፃዎቹ ጋር የጋራ መገልገያ ቤት ታስቦ ነበር። በግ የሚታረድበት፣ ወጥ የሚሠራበት፣ ልብስ የሚታጠብበት ቤት ማለት ነው። ይህን ያሰበ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ድግስና ሐዘን ያለበት ቤት ውስጥ አድጓል። ከኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ እንዲህ ያለ ነገር አይመጣም።

ባለቤቴ ያረፈችው እዚሁ ቤታችን ነው፤ አራተኛ ፎቅ። የእኛ ሕንፃ ጂ+4 ነው፣ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ማለት ነው፤ ሊፍት የለውም። ሳጥኑ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ አልዞር አለ። ከፊት ያሉት ልጆች ከደረጃው ብረት በላይ ከፍ አደረጉት፤ ከኋላ ያሉት ተንበረከኩ። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ሹፌር አለ። እንባው በአገጩ እየወረደ «ቀስ በሉ፣ ማዘርን እንዳናንገላታቸው» ይል ነበር። ልጃችን አይደለም። ጠዋት ጠዋት ሲወጣ ሰላም የምትለው ጎረቤት ነው። የደረጃ ስፋት መጽሐፍ ላይ አለ። የዚያ ልጅ ጉልበት ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ያየ ሰው ግን ደረጃ ሲነድፍ እጁ ሌላ ነገር ያስባል።

ሴት ልጄ የምትኖረው ውጭ አገር ነው። እንደ ወጉ መርዶ እንዲነገራት ፈለግኩ። ጓደኞቿ ተጠራርተው ጎህ ሲቀድ ቤቷ ሄዱ። ከበቧት፣ ከዚያ ነገሯት። እስከዚያ ድረስ ከሕንፃችን ወጣቶች አንዱም የባለቤቴን ፎቶ ፌስቡክ ላይ አልለጠፈም፤ ቴሌግራም ላይም አልላከም። ይህ ለእኔ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ልጄ የእናቷን ሞት ከስልክ ላይ ሳይሆን ከሰው አፍ፣ እጇን የያዛት ሰው ኖሮ ሰማች። እባካችሁ፣ «ነፍስ ይማር» ብላችሁ ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት መርዶ ያልደረሰው ቤተሰብ እንዳለ ጠይቁ።

ሰልስት ያልፋል፣ ድንኳኑ ይነሳል። ከአርባ በኋላ በር የሚያንኳኳው ሰው ይቀንሳል። ሰው ጨክኖ አይደለም፤ የራሱ ኑሮ አለበት። ያኔ ነው ቤቱ የሚከብደው። እኔ ያኔ እርሳስ አነሳሁ። የቤታችንን ፕላን ሣልኩ፤ ግን እንደተሠራው ሳይሆን ባለቤቴ እንደኖረችበት። ኤሌክትሪክ ምጣዱ በረንዳው በር ላይ፣ ረከቦቱ ከመስኮቱ ሥር፣ የሽሮው ጣሳ ሳትንጠራራ እጇ በሚደርስበት መደርደሪያ። ከወጥ ቤቱ እስከ ረከቦቱ የምትመላለስበትን መንገድ በነጠብጣብ አሰመርኩት። ከሠራኋቸው ሕንፃዎች ሁሉ ያንን ወረቀት አስበልጣለሁ።

እናንተም እንዲህ ያለ ጊዜ ሲገጥማችሁ እጃችሁ ሥራ ይፈልጋል። ስጡት። ብቻ ለሰው ለማሳየት አትቸኩሉ። አርባው ሳይወጣ ስለ እናታችሁ ግጥም ብትጽፉ ደግ አደረጋችሁ፤ መሳቢያ ውስጥ ይቆይ። ቶሎ የወጣ ሐዘን አስተያየት ይጠብቃል፣ ላይክ ይቆጥራል። እሱ ደግሞ ሌላ ቁስል ነው።

«ጊዜ የለንም፣ ሩቅ ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ከተማው ተለጥጧል። ከአራት ኪሎና ከፒያሳ አካባቢ በመልሶ ማልማት የተነሳው ሰው እዚህ ዳር መጥቶ ሰፍሯል፤ ዕድሩ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው የድሮ ሰፈሩ ቀርቷል። ከ2008 ጀምሮ ባቡር አለ፤ እሱም አያት ላይ ያበቃል። የቀረውን በታክሲ ነው። ቢሆንም የድሮ ሰፈራችን ሰዎች፣ በጉልበታቸው የታመሙት ሳይቀሩ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው አጽናንተውኛል። እናንተ ወጣት ናችሁ፣ ትችላላችሁ። ከቻላችሁ ደግሞ በምትኖሩበት ሕንፃ ዕድር ተመዝገቡ። ወላጆቻችሁ ከፍለውላችሁ አይዘልቅም።

ስትሄዱ ካሜራችሁን ቤት ተዉት። ማስታወሻ ደብተርም አያስፈልግም፤ የሚቀረው በራሱ ይቀራል። እንባ ካልመጣላችሁ አታስመስሉ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» በሉ፤ ቤቱ የሙስሊም ከሆነ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ»። ከዚያ በኋላ ዝም ብትሉም ማንም አይቀየማችሁም። ወንበር አድርሱ፣ ንፍሮ አድሉ፣ ብርጭቆ እጠቡ። ማታ ላይ ሰው ሲሳሳ ደግሞ ትንሽ አምሹ።